ከበቆጂ ደጋ እስከ አዲስ አበባ፦ የጨረራ አመንጪ ዝቃጭ ሣጥን ማን ይፈትሸው?

ስለ ጨረራ አመንጪ ዝቃጭ ሲነሳ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የኒውክሌር ማብላያ ነው። ማብላያ ስለሌለን ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሆኖ ይታየናል። ነገሩ ግን ደጃችን ድረስ የመጣ ነው። ከአሰላ ተነስቶ በሳጉሬና በበቆጂ አድርጎ ወደ አሳሳና ዶዶላ የሚዘልቀውን ዓይነት መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ይዟቸው ከሚመጣው መሣሪያዎች አንዱ፣ በቢጫ ሣጥን የሚቀመጥ፣ ከነሣጥኑ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መለኪያ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሶች «ኒውክሌር ዴንሲቲ ጌጅ» ይሉታል፤ በታወቀው አምራቹ ስም «ትሮክስለር» ብለው የሚጠሩትም አሉ። የተጠቀጠቀው አፈር ወይም የተነጠፈው አስፋልት የሚፈለገውን ያህል መጥበቁን በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል። በአሸዋ ከሚደረገው የቆየ ፍተሻ ጋር ሲነጻጸር ጊዜ ስለሚቆጥብ ተቋራጮች ይወዱታል።

ሥራውን የሚሠራው በውስጡ ባሉ ሁለት ጨረራ አመንጪ ምንጮች ነው። አንዱ ሲዚየም 137 ሲሆን መጠኑ በተለመደው ሞዴል 0.3 ጊጋቤክሬል (የምንጭ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ነው። ሌላው ከቤሪሊየም ጋር የተደባለቀ አሜሪሺየም 241 ነው፤ ይህም 1.5 ጊጋቤክሬል ገደማ ይሆናል። ሲዚየሙ ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 30 ዓመት ይፈጃል። አሜሪሺየሙ ግን 432 ዓመት ይጠይቃል። ከዛሬ 432 ዓመት በፊት በአገራችን ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ሠርጸ ድንግል ነበሩ። መሣሪያውን ገዝቶ ያመጣው ድርጅት በ20 ዓመት ውስጥ ሊፈርስ፣ ሊሸጥ ወይም ስሙን ሊቀይር ይችላል። ምንጩ ግን እዚያው አለ።

መሣሪያው እየሠራ ሳለ ባለቤት አለው፤ ቁልፉን የሚይዝ ቴክኒሺያን፣ የሚፈልገው መሐንዲስ አለ። ችግሩ የሚመጣው ሲበላሽ፣ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ሲያልፍ ወይም ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ ከካምፑ መጋዘን ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማና ከሲሚንቶ ጆንያ አጠገብ ይቀመጣል። በወረቀት ላይ አሁንም «ንብረት» ይባል እንጂ በተግባር ዝቃጭ ሆኗል። ከዚያ ወይ ወደ አምራቹ መመለስ፣ ወይ አዲስ አበባ ወዳለው ማዕከላዊ ማከማቻ መጓዝ አለበት። በሁለቱም መንገድ ጉዞ አለ፤ ጉዞ ካለ ማሸግ አለ፤ ማሸግ ካለ ፍተሻ የግድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ ሣጥኑ ሲነሳም ሲደርስም በመለኪያና በእጅ ካልተፈተሸ፣ በመሐል የሚያልፍበት ማኅተምና ፊርማ ማንንም አያድንም።

አላስፈላጊ ፍርሃት እንዳይፈጠር ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታልም ሆነ በየጤና ተቋሙ ያለው የራጅ መሣሪያ ጨረር የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ምንም አያመነጭም፤ ሲጣልም ጨረራ አመንጪ ዝቃጭ አይሆንም። ሲቲ ስካንም እንደዚሁ ነው። እዚህ የምናወራው ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌላቸው ነገሮች ነው፦ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል ስለኖረው ኮባልት 60፣ የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለማምከን ቃሊቲ ላይ ስለተተከለው የጨረር ምንጭ፣ በየፋብሪካው ስለሚገኙ የደረጃና የእርጥበት መለኪያዎች፣ እንዲሁም ስለ መንገድ ሠሪው ቢጫ ሣጥን። ከነዚህ ሁሉ አገር ለአገር የሚዞረው፣ በፒክአፕ ጀርባ የሚጫነው፣ ካምፕ በተቀየረ ቁጥር አብሮ የሚሰደደው የመጨረሻው ነው። ለአርሲ ደጋ ሰው የሚቀርበውም እሱ ነው።

እስቲ ፍተሻው ምን እንደሚመስል በቅርበት እንየው። አንድ አገልግሎቱን የጨረሰ መለኪያ ከበቆጂ አካባቢ ካምፕ ተነስቶ አዲስ አበባ መግባት አለበት እንበል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚለካው ሣጥኑን አይደለም፤ አካባቢውን ነው። መሬትም ሰማይም የራሳቸው ጨረር አላቸው። ከሰማይ የሚመጣው ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች። ጅቡቲ ወደብ ላይ ወይም አዳማ ላይ የተመዘገበ ቁጥር ለበቆጂ መነሻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከሣጥኑ ራቅ ብሎ የቦታውን ንባብ ይዞ መጀመር ግድ ነው።

ቀጥሎ የምንጩ መለያ ቁጥር ከምስክር ወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ይህ አሰልቺ የወረቀት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ድርጅት ሁለት ሦስት ተመሳሳይ መሣሪያ ካለው፣ የአንዱ ወረቀት ከሌላው ሣጥን ጋር ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ደርሷል የተባለው ምንጭ ካምፑ ውስጥ ቀርቶ፣ መዝገቡ ላይ ግን ተሰናብቶ ይገኛል። መዝገብ ላይ የተሰናበተን ነገር ደግሞ የሚፈልገው የለም።

ከዚያ ወደ መሣሪያው ራሱ ይገባል። ሲዚየሙ ያለው በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ዘንጉ ወደ ላይ ተስቦ በመከላከያው ውስጥ ሲቆለፍ፣ ከታች አንዲት ተንሸራታች የተንግስተን መዝጊያ ቀዳዳውን ትደፍናለች። የአርሲን ክረምት የሚያውቅ ሰው የመረሬን አፈር ጠባይም ያውቃል። ጭቃው በመዝጊያዋ ሐዲድ ውስጥ ይገባና ሲደርቅ ጠንክሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ዘንጉ ወደ ላይ ተስቦ ቢቆለፍም መዝጊያዋ ሙሉ በሙሉ አትገጥምም። እጀታው ከላይ «ተዘግቷል» ይላል፤ ከታች ግን ጨረሩ ይወጣል። ሣጥኑን ከላይና ከጎን ብቻ ለክቶ የፈረመ ሰው ይህን አያየውም። የሣጥኑ ሥር የሚያርፈው ደግሞ በመኪናው ወለል ላይ ነው፤ ከሥሩ እጁን አስገብቶ የሚያነሳው ረዳቱ ነው። ስለዚህ መለኪያው ስድስቱንም ገጽ ማዳረስ አለበት፤ መዝጊያዋም ከመታሸጉ በፊት መጽዳትና መፈተን አለባት። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ፍተሻ በአርሲ ደጋ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በአብዛኛው ተረስቶ ሊታለፍ የሚችለውም ይኸው ነው።

ሌላው የሚደረገው የጠረጋ ፍተሻ ነው። የሣጥኑ ውጪ በጥጥ ወይም በልዩ ወረቀት ይጠረግና ወረቀቱ ይለካል። በዓለም አቀፉ የማጓጓዣ ደንብ መሠረት ተራግፎ የሚለቅ ብክለት እንደ ሲዚየም ላሉት ቤታና ጋማ አመንጪዎች በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ4 ቤክሬል፣ እንደ አሜሪሺየም ላሉት አልፋ አመንጪዎች ደግሞ ከ0.4 ቤክሬል መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው በ10 እጥፍ የጠበቀው አለምክንያት አይደለም። አልፋ ከቆዳ ውጪ ሆኖ ብዙ አይጎዳም፤ በትንፋሽ ወይም በምግብ ወደ ሰውነት ከገባ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

በመጨረሻ ምልክቱ ይለጠፋል። ደንቡ ሣጥኖችን በሦስት ይከፍላል። በገጹ ላይ በሰዓት ከ5 ማይክሮሲቨርት (ሰው የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) የማይበልጠው ነጭ አንድ ይባላል። እስከ 500 የሚደርሰው ቢጫ ሁለት፣ እስከ 2,000 የሚደርሰው ቢጫ ሦስት ነው። ከዚህ ሌላ ከሣጥኑ አንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚለካው መጠን «የማጓጓዣ ኢንዴክስ» በሚባል ቁጥር ይጻፋል። ይህ ቁጥር ለሾፌሩ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። የመንገድ ሠሪው ሣጥን ኢንዴክሱ 0.5 ነው እንበል። ያ ማለት በአንድ ሜትር ርቀት በሰዓት 5 ማይክሮሲቨርት ነው። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉዞው ከነዕረፍቱ አራት ሰዓት ፈጀ ቢባል፣ አንድ ሜትር ላይ ተቀምጦ የሄደ ሰው 20 ማይክሮሲቨርት ያገኛል። የጨረራ ሠራተኛ ላልሆነ ሰው በዓመት የተፈቀደው 1,000 ነው። ሃምሳኛው መሆኑ ነው። በአግባቡ የታሸገ ሣጥን ማንንም አይገድልም። ነገር ግን ያው ሣጥን ቦታ ጠፋ ተብሎ ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ቢቀመጥ፣ ርቀቱ በጠበበ መጠን ጨረሩ በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ፣ ሂሳቡ ወዲያው ይለወጣል። ሾፌሩ በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ይደመራል።

የሣጥኑ ጥንካሬስ? ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የማጓጓዣ ደንቡን መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አሻሽሎታል። ኢትዮጵያ ኤጀንሲው ከተመሠረተበት ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ አባል ናት። በደንቡ «ዓይነት ኤ» የሚባለው ሣጥን በሰዓት 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ለአንድ ሰዓት ይፈስበታል፤ ከ1.2 ሜትር ከፍታ ይወረወራል፤ ክብደቱ አምስት እጥፍ ለ24 ሰዓት ይጫንበታል፤ 6 ኪሎ የብረት ዘንግ ከአንድ ሜትር ከፍታ ይለቀቅበታል። እንደ ሕክምና ኮባልት ያለው ከባድ ምንጭ የሚጓዝበት «ዓይነት ቢ» ደግሞ ከ9 ሜትር ወድቆ፣ በ800 ዲግሪ እሳት ውስጥ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይዘቱን መያዝ ይኖርበታል። እነዚህ ፈተናዎች የተደረጉት ግን በአዲስ ናሙና ላይ ነው። ማጠፊያው የተሰነጠቀ፣ አንዱ ቁልፉ ጠፍቶ በሽቦ የታሰረ፣ 15 ዓመት በካምፕ ፀሐይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ያንን ፈተና አላለፈም። የምስክር ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ሞዴሉ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመውን ሣጥን መፈተሽ የሰው ሥራ ነው።

ሁሉም የማሸግ ሥራ በትክክል ተሠርቷል ብንል እንኳ መንገዱ አለ። እዚህ ላይ ከአውስትራሊያ የሚገኘው ትምህርት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በምዕራብ አውስትራሊያ ከሚገኝ የሪዮ ቲንቶ የብረት ማዕድን ሥፍራ አንድ የሲዚየም መለኪያ ለጥገና ወደ ፐርዝ ተላከ። ርቀቱ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። ጥር 12 ተነሳ፤ ጥር 16 ደረሰ። የተከፈተው ግን ጥር 25 ነበር። ሲከፈት መለኪያው ተበታትኗል፤ ከአራቱ ማሰሪያ ብሎኖች አንዱ የለም፤ 6 በ8 ሚሊ ሜትር የሆነችው ምንጭም የለችም። መንገዱ አንቀጥቅጦ ብሎኑን እንዳላላውና ምንጯ በቀዳዳው ሾልካ እንደወደቀች ተገመተ። ፍለጋው አገሩን ሁሉ አነጋገረ፤ በመጨረሻ የካቲት 1 ቀን ከኒውማን ከተማ በስተደቡብ ከመንገዱ ዳር በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተገኘች። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መለኪያ የተገጠመለት መኪና ነበር ያገኛት።

ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ሕግ፣ ባለሙያና ገንዘብ ባለበት አገር፣ ከዓለም ታላላቅ የማዕድን ኩባንያዎች በአንዱ ነው።  ምንጯ መጥፋቷ የታወቀው ሣጥኑ ከደረሰ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በደረሰበት ቀን ተከፍቶ ቢፈተሽ ኖሮ ፍለጋው በዚያው ቀን ይጀመር ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ሕፃን ወይም አንድ እረኛ አንስቶ ኪሱ ሊከታት ይችል ነበር። የዚያ አገር መንገድ አብዛኛው ሰው የማይኖርበት በረሃ ነው። የኛ መንገድ ግን ከሳጉሬ እስከ ኢተያ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ ከብት በሚነዱ ልጆችና ከትምህርት ቤት በሚመለሱ ተማሪዎች የተሞላ ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ከካምፕ ወደ ዋናው የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ኮረኮንች ነው፤ ብሎን የሚያላላውም እሱ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ አስፋልት ሲነካ፣ አሰላ ላይ፣ መኪናው ቆሞ አንዴ እንደገና ቢለካ ትርፉ ብዙ ነው። ቁጥሩ በመነሻው ከተመዘገበው በድንገት ዝቅ ካለ ምንጩ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ከፍ ካለ ደግሞ መከላከያው ተከፍቷል።

ሁለተኛው ትምህርት ከሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2013 ከቲኋና ሆስፒታል የወጣ ያገለገለ የኮባልት ሕክምና ምንጭ በጭነት መኪና ወደ ዝቃጭ ማከማቻ ሲጓዝ፣ መኪናው በነዳጅ ማደያ በቆመበት ተሰረቀ። ምንጩ 111 ቴራቤክሬል ነበር፤ አንድ ሰው ያለመከላከያ ቢይዘው በደቂቃዎች ውስጥ ሊጎዳው የሚችል ኃይል ነው። የሌቦቹ ዓላማ መኪናው እንደነበር ነው ባለሥልጣናቱ የተናገሩት። ከሁለት ቀን በኋላ ምንጩ ከመከላከያው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተገኘ። እኛም ዘንድ ከባሌና ከአርሲ የሚመጣ ጭነት አዳማ ወይም ሞጆ አድሮ መነሳቱ የተለመደ ነው። ለዚህ ጭነት ማደር መከልከል አለበት። በጠዋት ተነስቶ በዚያው ቀን በብርሃን ይግባ፤ ምሳ የሚበላው አንዱ ሲሆን ሌላው ከመኪናው አይለይ። ይህን ለማድረግ የውጪ ምንዛሪም አዲስ ቴክኖሎጂም አያስፈልግም።

ፍተሻው ከተዘለለ ነገሩ የሚያበቃው ብዙውን ጊዜ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ጋ ነው። በብራዚል ጎያኒያ ከተማ አንድ ክሊኒክ ቦታ ሲቀይር የሲዚየም ሕክምና መሣሪያውን ትቶት ሄደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ሸጡት። በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራው ዱቄት ውብ ሆኖ ስለታያቸው ለዘመድ ለጎረቤት ተካፈሉት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ ከ110 ሺህ በላይ ሰዎች ተመረመሩ። 100 ግራም የማይሞላው ዱቄት 3,500 ሜትር ኩብ ዝቃጭ ሆኖ ተቀበረ። ቤቶች ፈረሱ፤ የገበሬው ምርት ገዢ አጣ። በስፔን አልኸሲራስ አጠገብም እ.ኤ.አ. በ1998 ሳይታይ ያለፈ የሲዚየም ምንጭ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቆ ቀለጠ።

ይህን ወደ አርሲ እናምጣው። በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው ከአሮጌ ካምፕ የሚያገኘውን እርሳስና ብረት በኪሎ ይገዛል። እርሱ የሚያነሳው ነገር ተሰብስቦ በዱከምና በቢሾፍቱ አካባቢ ወዳሉት ብረት ማቅለጫዎች ይሄዳል። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአሥርት ዓመታት ዘር ያወጣው እዚያ ነው፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብሱን የሚገዛው ከዚያው ገበሬ ነው። የጎያኒያ ገበሬዎች ማሳ አብዛኛው ንጹሕ ነበር። ገበያው ግን የአካባቢውን ስም ብቻ ሰምቶ ሸሻቸው። በአርሲ ደጋ አንዲት ምንጭ ብትጠፋ ከጤናው ጉዳት በፊት የሚደርሰው የስም ጉዳት ይሆናል፤ እሱን ደግሞ በመለኪያ አሳይቶ ማጥፋት አይቻልም።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79 የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ2000 አዋጅ ቁጥር 571፣ በ2009 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1025 ወጡ። ዛሬ የቁጥጥሩ ሥራ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። አገሪቱ አደገኛ ዝቃጭ፣ ጨረራ አመንጪውን ጨምሮ፣ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለውን የባማኮ ስምምነትም ተቀብላለች። ከውጪ የሚመጣው ተከልክሏል፤ እሰየው። ከውስጥ የሚወለደው ግን በአዲስ አበባ በተቀመጠ መሥሪያ ቤት ብቻ ሊጠበቅ አይችልም። በአሰላ ትራፊክ ፖሊስ፣ በዞኑ የእሳትና ድንገተኛ ሠራተኛ፣ በካምፑ መጋዘን ኃላፊ እጅ ያለው ዕውቀት ነው ሣጥኑን በመንገድ ላይ የሚጠብቀው።

ያንን ዕውቀት ለማድረስ ምልክቱ ራሱ አይበቃም። ባለሦስት ቅጠሉን የጨረራ ምልክት ያልተማረ ሰው የአየር ማራገቢያ ሊመስለው ይችላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ይህን ስለተረዳ ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጋር ሆኖ፣ በ11 አገሮች በሰዎች ላይ ፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2007 ተጨማሪ ምልክት አወጣ፦ በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚፈልቅ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው። ይህ የሚለጠፈው ለከባድ ምንጮች፣ በመሣሪያው ውስጥ ነው። ለመንገድ ሠሪው ሣጥን ግን የሚያስፈልገው ከዚህ ቀላል ነው፦ «አደጋ፤ አትክፈት፤ አትንካ፤ ለፖሊስ ንገር» የሚል ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በጉልህ ይጻፍበት። ሣጥኑን ሜዳ ላይ የሚያገኘው ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ላያነበው ይችላል። ሌላም አለ፦ ባዶ ሣጥን ምልክቱን እንደለጠፈ መዞር የለበትም። ፖሊሱ አሥር ጊዜ ባዶ ሣጥን ካየ አሥራ አንደኛውን ሳያይ ያሳልፋል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መንግሥት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የሚያስጀምር የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ፈርሟል። ስለ ማመንጫው የሚደረገው ክርክር ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያዘው አንድ ነጥብ ነው፦ የማመንጫ ዝቃጭ በተራራ የሚመዘን መከላከያና እጅግ የረጅም ዘመን ጥበቃ ይጠይቃል። ለዚያ የሚበቃ ተቆጣጣሪ የሚወጣው ዛሬ ቢጫ ሣጥን አገላብጦ ሥሩን ከሚለካው ወጣት ነው። ያንን ወጣት አሁን ማሠልጠንና በየክልሉ ከነመለኪያው መመደብ አለብን።

ወደ ሥራ የሚገባ ሐሳብም አለኝ፤ ወጪው ከሞላ ጎደል ምንም ነው። የመንገድ ኮንትራት ሲዘጋ ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ አሠሪው መሥሪያ ቤት ከተቋራጩ ሂሳብ የሚይዘው ሪቴንሽን አለ። ለጉድጓድ፣ ለስንጥቅ፣ ለፍሳሽ ቦይ ዋስትና ነው። በዚያው ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ በፕሮጀክቱ ያገለገለ እያንዳንዱ ጨረራ አመንጪ ምንጭ በመለያ ቁጥሩ ተቆጥሮ፣ ወይ ወደ ሌላ ፈቃድ ያለው ሥራ መዛወሩ፣ ወይ ለአምራቹ መመለሱ፣ ወይ በማዕከላዊ ማከማቻው በደረሰበት ቀን ተከፍቶ መለካቱ የሚረጋገጥበት ደረሰኝ ካልቀረበ ሪቴንሽኑ አይለቀቅ። አማካሪ መሐንዲሱም ያንን ደረሰኝ ሳያይ የመጨረሻውን የርክክብ ሰነድ አይፈርም። ተቋራጭ ለገንዘቡ የሚያደርገውን ትጋት ለማንም አያደርግም፤ ሕጉ በዚያ በኩል ይግባ።

የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ይህንን አንቀጽ በሚቀጥለው ውላቸው እንዲያስገቡ፣ የቴክኖሎጂ ባለሥልጣንም የደረሰኙን ቅጽ እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ። አንባቢም፣ በተለይ በተዘጋ ካምፕ አጠገብ የምትኖሩ፣ ቁልፍ ያለው ቢጫ ሣጥን ወይም ባለሦስት ቅጠል ምልክት ያለበት ከባድ ዕቃ ካገኛችሁ አትንኩት፣ አትክፈቱት፤ ልጆችን አርቃችሁ፣ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ከሩቅ አቁማችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ በዚያው ሰዓት አሳውቁ።